አቧራን ማዛወር ጽዳት አይደለም

ስለ አቧራ መጻፍ የተማሪ ኅብረት ሥራ ነው ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ትምህርት ጥራት፥ ስለ ምግብ ቤት፥ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ አገር ጉዳይ ሲጻፍ የቆየ ስለሆነ፥ ከአልጋ ሥር ስለሚጠረግ ብናኝ ወረቀት ማባከን ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ አናስብም። ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል፤ ውሃም ሲጠማው ይጠጣል፤ አየርን ግን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይስባል። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአንድ ቀን ወደ ሳንባው የሚገባው አየር ሲደመር 10 ሺህ ሊትር ገደማ ይደርሳል። ወጡ ቢጎመዝዝ ሰሐኑን ይዞ ለአቤቱታ የሚሰለፈው ተማሪ፥ ይህ 10 ሺህ ሊትር በአቧራ ሲሞላ ግን አፍንጫውን በፎጣ ይዞ ያልፋል። ነገሩ ትንሽ ስለ ሆነ አይደለም፤ የተለመደ ስለ ሆነ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። በመኝታ ቤቶቻችን፥ በመማሪያ ክፍሎችና በኮሪደሮች የሚሠራው ጽዳት አብዛኛውን ጊዜ የደረቅ መጥረጊያ ሥራ ነው። ማለዳ፥ ገሚሱ ተማሪ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፥ መስኮቱም እንደ ተዘጋ፥ የጽዳት ሠራተኛዋ ይገባሉ። ከተደራራቢ አልጋዎች ሥር፥ ከሻንጣዎችና ከጫማዎች መካከል የተጠራቀመውን በፍጥነት ይጠርጋሉ፤ ገና ብዙ ክፍል ይጠብቃቸዋልና። በዚያን ጊዜ በመጋረጃው ስንጥቅ የገባውን የፀሐይ ጨረር የተመለከተ ሰው አቧራው እንደ ጢስ ሲትጎለጎል ያያል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጢሱ የጠፋ፥ ወለሉም የጠራ ይመስላል። ማታ ግን ያ የጠዋቱ አቧራ በጠረጴዛው፥ በደብተሩና በትራሱ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ታዲያ ይህ ጽዳት ነው ወይስ ማዛወር? እኛ ማዛወር ነው እንላለን፤ ከወለል ወደ አየር፥ ከአየር ወደ ሳንባ፥ የተረፈውም ተመልሶ ወደ ወለል።

ብዙ ሰው አቧራ ሲባል አፈር ብቻ ይመስለዋል። የቤት ውስጥ አቧራ ግን የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። በጫማና በነፋስ የገባ አፈር አለበት፤ ከልብስ፥ ከብርድ ልብስና ከፍራሽ የረገፈ ክር አለበት፤ ከሰው ገላ በየዕለቱ የሚረግፍ የቆዳ ፍርፋሪ አለበት። ከመኪናና ከምድጃ የመጣ ጥላሸት፥ የሻጋታ ዘር፥ የበረሮ ስብርባሪና ኩስ፥ የአይጥ ጠጉር፥ ከግድግዳ የተፋቀ ቀለም፥ የሲሚንቶና የጠመኔ ዱቄትም ይቀላቀሉበታል። እንግዲህ አቧራ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም ብሎ በደፈናው መጠየቅ አይበቃም። ከምን የተሠራ ነው፥ ምን ያህል የደቀቀ ነው፥ ለምን ያህል ጊዜስ ተተነፈሰ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ስለ መድቀቁ እንጀምር። የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ማይክሮን ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ዐይናችን የሚያያቸው የአቧራ ቅንጣቶች ትልልቆቹ ናቸው፤ ለሳንባ የሚያሠጉት ግን ከ10 ማይክሮን በታች፥ ይልቁንም ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆኑት ናቸው። የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ እፍግታው የውሃን ያህል የሆነ፥ ስፋቱ 10 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በረጋ አየር ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ወደ ወለል ለመውረድ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 2.5 ማይክሮን የሆነው 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 1 ማይክሮን የሆነው ግን 12 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሰው በሚመላለስበት ክፍል አየሩ ስለማይረጋ መቆየቱ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ጠዋት በአንድ ሰዓት በመጥረጊያ የተነሣውን ከሁሉ የደቀቀ አቧራ፥ መስኮቱ ካልተከፈተ፥ ተማሪው ከቀትር በኋላ ከትምህርት ሲመለስ ገና በአየር ላይ ያገኘዋል። ጢሱ ጠፋ ማለት ዐይን ማየት ተወ ማለት እንጂ አቧራው ሄደ ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም፥ ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ወደ መኝታ ክፍል እናምጣው። ርዝመቱ 5፥ ወርዱ 4፥ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በዚያ ክፍል ውስጥ የዓመቱን አማካይ ልክ ለመሙላት 1 ሚሊግራም እንኳ የማይሞላ ብናኝ ይበቃል፤ ይህም የሦስት የጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ነው። ለአንድ ቀን የተፈቀደው ልክ፥ ማለት 45 ማይክሮግራም፥ ቢወሰድም ዐሥር የጤፍ ፍሬ አይሞላም። ከአንድ አልጋ ሥር የሚወጣውን አቧራ ያየ ሰው ፍርዱን ራሱ ይስጥ።

ተፈጥሮ ያለ መከላከያ አልተወችንም። ትልልቁን ቅንጣት የአፍንጫ ጠጉርና ንፍጥ ይይዙታል። ከዚያ ያለፈውን የአየር ቧንቧችን በሚያጣብቅ አክታ ይቀበለዋል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተሰለፉ ጥቃቅን ሽፋሽፍት መሰል ጠጉሮችም እየገፉ ወደ ጉሮሮ ይመልሱታል። ከዚህም አምልጦ ደም አየር ወደሚቀበልባቸው የሳንባ ከረጢቶች የደረሰውን ደቃቅ ብናኝ ደግሞ ልዩ ሕዋሳት ይውጡታል። ነገር ግን ዘብም ይደክማል። አቧራው በየቀኑ ሲበዛ ቧንቧው ይቆጣል፥ አክታው ይበዛል፥ ሳሉ ይለመዳል። ከሁሉ የደቀቁት ብናኞች የሚያስከትሉት ቁጣ ከሳንባ አልፎ ልብንና የደም ሥርን እንደሚጎዳ ዛሬ በሕክምና ትምህርት የታወቀ ነው።

ከሕመሞቹ ሁሉ በመኝታ ቤት የሚበዛው በተለምዶ «ሳይነስ» የሚባለው ነው፤ ማስነጠስ፥ የአፍንጫ መታፈን፥ የዐይን ማሳከክ፥ የራስ ክብደት። ብዙዎች ብርድ መታን ይላሉ። አንዳንዱ ብርድ ሳይሆን የአቧራ አለርጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፎርሆርስትና ስፒክስማ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ በቤት አቧራ ውስጥ አለርጂ ከሚያስነሡት ዋነኛዋ አንዲት ደቃቅ ተንቀሳቃሽ ፍጥረት መሆኗን አሳዩ። የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ናት፤ ስምንት እግር አላት፤ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም። የአቧራ ቅንቅን ልንላት እንችላለን። ሰው አትነክስም፤ ምግቧ ከገላችን የሚረግፈው ቆዳ ነው፤ ማደሪያዋም ፍራሽ፥ ትራስና ብርድ ልብስ ነው። ሰውን የሚያሳምመው ኩሷ ደርቆ ሲቦንና ሲተነፈስ ነው። አስም ላለበት ጓደኛችን ደግሞ ነገሩ ከማስነጠስ ያልፋል። በአቧራ ደመና መካከል ደረቱ ተይዞ፥ ፓፍ የሚባለውን የሚነፋ መድኃኒት በጨለማ ሲፈልግ ማደር ለእሱ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አስም ዛሬም ሰው ይገድላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ክርክር አለ። «እኛ ያደግነው በገጠር፥ በአፈር ወለል ላይ፥ ከከብት ጋር ነው፤ አቧራ ምን አደረገን?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን በንቀት አናልፈውም፤ ሳይንስም አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፥ በጅማ ከተማና በአካባቢው ገጠር የተደረገ ጥናት፥ አስም በገጠሩ ከከተማው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በከተማው ውስጥ ለአቧራ ቅንቅን አለርጂ መሆን ከአስም ጋር ተያይዞ ሲገኝ፥ በገጠሩ ግን ይኸው ዝምድና አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአሜሪካ፥ በዘር የሚቀራረቡ የሁለት ገበሬ ማኅበረሰቦች ልጆች ተነጻጽረው ነበር። ከከብት ጋር በቅርብ በሚኖሩት በአሚሾች ቤት ያለው አቧራ ከጀርም የሚመጣ ነገር የበዛበት ሆኖ ሳለ፥ በልጆቻቸው ላይ አስም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የአቧራ ዓይነቱ ይለያያል፤ ሕፃን ሳለ ከከብትና ከሣር ጋር ያደገ ሰው ሰውነቱ የተማረው ነገር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ይህ ግኝት የመኝታ ቤታችንን መጥረጊያ ነጻ አያወጣውም። በሕፃንነት ስለሚገኝ ከአለርጂ መጠበቅ የተነገረው ነገር፥ ጐልማሳ ሲኮን ጥላሸትና ሲሚንቶ መተንፈስን ያለ ጉዳት ያደርገዋል ማለት አይደለም። ደግሞም ከገጠር የመጣው ተማሪ እዚህ የሚተነፍሰው የአባቱን የእርሻ አየር አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የብዙ ሰው ፍራሽና የከተማ መንገድ አቧራ ነው።

የተዘጋ ክፍል ካልን ዘንድ ስለ መስኮት እንናገር። በአገራችን የመኪና መስኮት ከፍቶ መሄድ ጠብ ያስነሣል፤ መኝታ ቤትም እንዲሁ ነው። ምች ይመታል፥ ብርድ ይገባል እየተባለ መስኮት ከማታ እስከ ጠዋት ይዘጋል። የደጋ ሌሊት እንደሚበርድ አንክድም፤ ልብስ የሌለው ተማሪ መኖሩንም እናውቃለን። ነገር ግን የተዘጋ መስኮት አቧራውን ብቻ ሳይሆን የታመመ ሰው ትንፋሽንም ያቆያል። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በሽተኛው ሲያስልና ሲናገር ከሚወጡ፥ በአየር ላይ ተንሳፍፈው ከሚቆዩ ደቃቅ ጠብታዎች ነው። ይህ በሽታ ካልጠፋበት አገር፥ በጠባብ ክፍል ብዙ ሆኖ ለሚያድር ሰው፥ መስኮት መክፈት ያለ ገንዘብ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይከፈት አንልም። በሚጠረግበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ፊት ለፊት ያሉት በርና መስኮት አብረው ይከፈቱ፥ ተማሪውም በዚያን ጊዜ ውጭ ይሁን እንላለን። መንገዱ በአቧራ በሚጨስበት በበጋ ቀትር ከመክፈት ይልቅ ማለዳ መክፈት እንደሚሻል ግልጽ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተማሪው ነው። ከተማሪው ይልቅ አቧራውን የሚተነፍስ ሰው ግን አለ። ተማሪ አንድ ክፍል ሲጠረግ ይታገሣል፤ እትዬ ብለን የምንጠራቸው የጽዳት ሠራተኞች ግን ከጠዋት ጀምሮ ክፍል ከክፍል እየተከታተሉ አቧራውን በአፍንጫቸው ሥር ያነሣሉ። መከላከያቸው አፋቸው ላይ የጠመጠሙት ሻሽ ወይም የነጠላ ጫፍ ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ትልልቁን አቧራ በመጠኑ ያግዳል፤ ደቃቁ ግን በድሩ ቀዳዳና በጉንጭ በኩል ያልፋል። ኢጣልያዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ድንጋይ ጠራቢዎች፥ ስለ ዱቄት ፈጪዎችና ስለ እህል አበጣሪዎች ሳል ተናግሮ፥ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን ሥራህ ምንድር ነው ብሎ እንዲጠይቅ መክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ300 ዓመት በላይ አልፏል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ስለ ማኅበረሰብ ጤና እየተማረ፥ ክፍሉን የሚጠርጉለትን እናት ደረትዎ እንዴት ነው ብሎ ያልጠየቀ ካለ፥ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ የመጥረጊያው ብቻም አይደለም። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ለ20 ዓመት ያህል ታይተው፥ በማጽዳት ሥራ ላይ የቆዩ ሴቶች የሳንባ ጉልበት ከሌሎቹ ሴቶች ይልቅ ፈጥኖ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያያያዙት ከማጽጃ ኬሚካል ጋር ነው። ስለዚህ ከደረቅ መጥረጊያ ሸሽቶ ወለሉን በበረኪና ማጥለቅለቅ ከአንዱ ጉዳት ወደ ሌላው መሄድ ነው። ለተራ አቧራ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል። በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛም ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

አቧራን በጢስ ለማስወገድ መሞከርም እንዲሁ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፥ ማለት እ.ኤ.አ. የ1918 ኢንፍሉዌንዛ፥ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየጠረጉ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆየ። ቆሻሻና በሽታ ይዛመዳሉ ብሎ በየዓመቱ የሚጠርግ ሕዝብ የሚመሰገን ሕዝብ ነው። መጥረጉን ግን ከማቃጠሉ መለየት ይገባል፤ ከሚነደው ፕላስቲክና ጨርቅ የሚወጣው ጢስ ከአቧራው ይልቅ የደቀቀና መርዝ የበዛበት ነውና። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨት፥ ከሰል፥ ኩበትና ነጭ ጋዝ በሚወጣ ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በመኝታ ክፍል ውስጥ ሽታ ለማጥፋት ዕጣን ማጨስም አየር ማጽዳት አይደለም። ሽታውን ይሸፍናል፤ ብናኙን ይጨምራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችን የአፈር ወለል ሲጠርጉ አስቀድመው በእጃቸው ውሃ ይረጩ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ደጃፍ ይህ ይደረጋል። ወለሉን በእበት የሚለቀልቁትም አቧራው እንዳይነሣ ነው። ውሃ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ የከበደ ነገርም አይቦንም። ይህ እውቀት ከሰለጠነው ሕንጻ በር ላይ ሲደርስ ለምን ይቀራል? ሲሚንቶና ሸክላ ንጣፍ ያለው ወለል እንዲያውም ለእርጥብ መወልወያ ከአፈር ወለል ይልቅ የተመቸ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ በመኝታ ቤትና በመማሪያ ክፍል ደረቅ መጥረጊያ ይቅር፤ ወለሉ በረጠበና በተጨመቀ ጨርቅ ወይም መወልወያ ይወልወል። መጥረግ ግድ የሚሆንበት ቦታ ካለ ውሃ ይረጭ። ውሃው ግን ወለሉን እስኪያጨቀይ አይሁን፤ ሳይደርቅ የሚቀር እርጥበት ሻጋታ ያበቅላልና። ጠረጴዛና መደርደሪያም በላባ ወይም በደረቅ ጨርቅ ከመመታት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጉ።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ ጫማውን በር ላይ ባለ እርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፤ ከተቻለም ያውልቅ። ወደ ክፍል የሚገባው አፈር አብዛኛው በእግር የሚገባ ነው። ከአልጋው ሥር ያለውን ካርቶንና የድሮ ወረቀት ያንሣ፤ መወልወያው የማይደርስበት ቦታ የአቧራና የበረሮ ጎተራ ነው።

ሦስተኛ፥ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ይታጠቡ። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአቧራ ቅንቅንን ይገድላል። ያን ያህል ሙቅ ውሃ ባይገኝ በቀዝቃዛም ማጠብ ኩሷን አብዛኛውን ያስወግዳል። ብርድ ልብስና ፍራሽ በፀሐይ ይሰጡ፤ ቅንቅኗ ድርቀት አትወድምና። ማራገፍ ግን ውጭ እንጂ ኮሪደር ላይ አይሁን፤ ፎቅ ላይ ያለውም ከታች ባለው ራስ ላይ አያራግፍ።

አራተኛ፥ ጠመኔ በሚጻፍባቸው ክፍሎች ጥቁር ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ይጥፋ። የጠመኔ ዱቄት ከመርዝ የሚቆጠር ባይሆንም አፍንጫና ጉሮሮን ያስቆጣል፤ አስም ላለበት መምህርም በየቀኑ መቆሙ ከሰሌዳው ሥር ነው። ዳስተርን ግድግዳ ላይ መደብደብ ይቅር።

አምስተኛ፥ በግቢው ውስጥ ግንባታ ሲኖር ሲሚንቶው ይሸፈን፤ ድንጋይና ኮንክሪት በሚቆረጥበት ጊዜ ውሃ ይፍሰስበት፤ ለዚያ ያሉ መስኮቶችም ይዘጉ። በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊካ ደቅቆ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይመለስ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ከሁሉ በፊት የሚታመመውም መስኮት ላይ ቆሞ የሚያየው ሳይሆን ድንጋዩን የሚቆርጠው የቀን ሠራተኛ ነው።

ስድስተኛ፥ የተላጠ አሮጌ የግድግዳ ቀለም በደረቁ አይፋቅ። እርሳስ የተባለው ብረት በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሊኖር ይችላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ ብታወጣም፥ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳ ዛሬም ቆሞ አለ። የእርሳስ ብናኝ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው እጁን አፉ ውስጥ የሚከተውን ሕፃን ነው፤ በግቢው ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ መምህራንና ሠራተኞች ይህን እንዲያስቡበት አደራ እንላለን።

ሰባተኛውና ዋናው፥ አስተዳደሩ ለጽዳት ሠራተኞች ባልዲ፥ መወልወያና ጓንት ይስጥ፤ ደቃቅ አቧራ በሚነሣበት ሥራ ላይም ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፥ ደቃቁን የሚያጠር የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያቅርብ። መወልወል ከመጥረግ የረዘመ ጊዜ ስለሚወስድ፥ የክፍሎቹ ቁጥር በሠራተኛ ይቀነስ። ይህ ካልተደረገ እርጥብ መወልወያ ይግባ ማለታችን በእነዚሁ እናቶች ወገብ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ይሆናል። የግቢው ክሊኒክም የእነሱን ደረት በየዓመቱ ይመርምር።

ውሃ በየቀኑ በማይመጣበት ሕንጻ ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ነገር ግን አንድን ክፍል በተጨመቀ ጨርቅ ለመወልወል ግማሽ ባልዲ ይበቃል። ልብስ የታጠበበት የመጨረሻው እጣቢ ደግሞ ለወለል የሚሆን የሳሙና ውሃ ነው። ዛሬ ያ እጣቢ በከንቱ ይፈስሳል። ገንዘብስ? ባልዲና ጨርቅ ያን ያህል ዋጋ የለውም፤ አንድ ተማሪ በአስም ምክንያት ሆስፒታል ቢተኛ የሚወጣው ወጪ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላልና ያገሩ ሰው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ክቡራን መምህራን፤ ይህን ሁሉ ያተትነው አስተዳደሩን ብቻ ለመክሰስ አይደለም። ኅብረታችን አቤቱታ ለማቅረብ ብቻ የተቋቋመ ከሆነ ዋጋው ግማሽ ነው። በየክፍሉ ተራ ቢወጣ፥ አንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ክፍሉን ለመወልወል ሩብ ሰዓት ቢሰጥ፥ የእትዬ ሥራ ይቀላል፥ አየሩም ይጠራል። ተምሬያለሁና ወለል አልወለውልም የሚል ካለ፥ የተማረው ትምህርት ከአቧራው በላይ ያልወጣ መሆኑን እንንገረው። ስለ ሕዝብ ጤና በየመድረኩ የምንናገረው ነገር የሚፈተነው በመጀመሪያ እኛ በምንተኛበት ክፍልና እሱን በሚያጸዱልን ሰዎች ሳንባ ነው። ኅብረቱ በሚቀጥለው ጉባኤው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዞ፥ ከጽዳት ሠራተኞቹ መካከል የተመረጡ ጠርቶ ከራሳቸው አንደበት እንዲሰማ፥ ውሳኔውንም በጽሑፍ ለአስተዳደሩ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።